ያለቀውን የሚለውጥ እጅ
ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ጀልባዎች አጭር ታሪክ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ሮብ ገበያ

ሮብ ገበያ በጮቄ ተራራ ግርጌ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዚህ አገር ፈረስና በቅሎ እንጂ ጀልባ አይታወቅም። ወንዞቻችንም በክረምት ሰው የሚወስዱ፣ በበጋ ግን ከብት የሚሻገራቸው ናቸው እንጂ ቀዛፊ የሚፈልጉ አይደሉም። ስለዚህ ውድ አንባቢ «የደጋ ልጅ ስለ ጀልባ ምን አገባው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከጮቄ የሚወርደው ውሃ ሁሉ፣ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋም ጭምር፣ መጨረሻው ዓባይ ነው። ጎጃምም ዓባይ እንደ መቀነት የዞረው፣ በሰሜን በኩል ከጣና ሐይቅ ጋር የሚዋሰን አገር ነው። እንግዲህ ሰው በውሃ ላይ የተጓዘበት ታሪክ ከራሳችን ታሪክ አንዱ ክፍል ስለ ሆነ፣ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ቢጻፍ ያለ ቦታው የገባ አይመስለኝም።

ስለ ጀልባ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ማን እንዳሠራትና ማን እንደ ተሳፈረባት ነው። እኔ ግን ታሪኩን በሌላ ጥያቄ ልመረምረው አስቤአለሁ፤ ይኸውም «ያለቀውን ክፍል ማን ይለውጥላት ነበር?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ በአንድ አገር ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው የመጣበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ክፍሉ የተበላበት ቀን ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የገበሬውን ሞፈርና ቀንበር እንመልከት። ማረሻው በድንጋይና በአፈር ይበላል፤ ድግሩ ይሰነጠቃል፤ ወገሉ ይላላል፤ ምራኑ ይበጠሳል። ገበሬው ግን ከእነዚህ አንዱ ስላለቀ እርሻውን አይተውም። ድግሩን ራሱ ይጠርባል፤ ምራኑን ከራሱ በሬ ቆዳ ያወጣል፤ ማረሻውን ወደ አንጥረኛ ወስዶ ያስመታል ወይም በገበያ ቀን አዲስ ይገዛል። የሚያልቀውን ክፍል በስሙ ያውቀዋል፤ መቼ እንደሚያልቅም ያውቃል፤ የሚለውጠውም በእጁ ወይም በጎረቤቱ እጅ ነው። ስለዚህ ማረሻ ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ የእኛ ነው እንላለን። አሁን በዚሁ ሚዛን ጀልባዎቻችንን እንመዝን።

በጣና ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው ታንኳን ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ሲሆን፣ በዳርቻው ደንገል ይበቅላል። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ ከእነርሱም ይልቁን ወይጦዎች፣ ይህን ደንገል ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በእስር በእስር አድርገው እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። በቀርከሃ እየቀዘፉም ሰውና እህል፣ እንጨትና ከብት ሳይቀር ያሻግሩበታል። የደንገል ጀልባ እጅግ ጥንታዊ ነው። የጥንት ግብጻውያን በመቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ ሥለውት ይገኛል፤ በመጽሐፍ ቅዱስም ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር የደንገልን መርከብ ያነሣል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ዳርቻ ዞሮ ካርታ ያነሣው በዚሁ ታንኳ እየተረዳ ነው።

የታንኳ ጠባይ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም ውሃ መጠጣቱ ነው። ደንገሉ እየራሰ ሲሄድ ይከብዳል፤ ከውሃ እየወጣ በፀሐይ ካልደረቀም ይበሰብሳል። በደንብ የተያዘ ታንኳ እንኳ ዕድሜው በሳምንታትና በጥቂት ወራት የሚቆጠር ነው። የሩቅ ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ዓይነት ደካማ ጀልባ ነው!» ሊል ይችላል። ነገር ግን ታንኳው ካለቀበት ስፍራ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አዲሱ ታንኳ ቆሞ ይበቅላል። መለዋወጫው ከወደብ አይመጣም፤ ቀረጥ አይከፈልበትም፤ የሚሠራውም ሰው ያው የሚቀዝፈው ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ደካማው ታንኳ ከብዙ ጠንካራ መርከቦች ይልቅ ረዥም ዕድሜ ኖረ።

ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል ለምን እንደ ተሠራ ካላወቁ ታንኳም ቢሆን ይከዳል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። እርሱ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ታላቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት በ1969 በአውሮፓ አቆጣጠር «ራ» የተባለችውን መርከብ አሠራ፤ ለዚህም የሚሆነው ደንገል የተወሰደው ከእኛው ከጣና ነው። መርከቢቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ የኋላ ክፍሏ ወደ ውሃ እየሰመጠ ስለ ሄደ ተሳፋሪዎቹ ሊተዋት ግድ ሆነ። የጥንት ግብጻውያን በሥዕላቸው የመርከቡን ጭራ ወደ ውስጥ የሚስብ አንድ ገመድ ያሳያሉ፤ የዚህ ገመድ ሥራ ግን በቅድሚያ አልታወቀም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ይህ ተስተካክሎ የተሠራችው «ራ 2» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች። እንግዲህ መርከብ ከሌላ መርከብ የሚለየው አንዳንድ ጊዜ በአንዲት ገመድ ነው።

ከታንኳ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የአውሮፓን የእጅ ሥራ ወደ አገራቸው ለማስገባት ምን ያህል ይጥሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ከስዊዘርላንድ ከቅድስት ክሪሾና ተልከው የመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችንና ሌሎችን አውሮፓውያን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ከመድፉም ሌላ በጣና ላይ የሚሄድ በእንፋሎት የሚሠራ መርከብ ይፈልጉ ነበር። በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ሳሉ የሆነውን ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከራሳም ጋር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። በእርሱ አነጋገር ንጉሡ ሌሎችን ከመጠበቅ ይልቅ በራሳቸው ጀመሩት፤ ርዝመታቸው 60 ጫማ ያህል፣ ወርዳቸው መካከሉ ላይ 20 ጫማ የሚሆን ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠሩ፤ ወለላቸውን በሳንቃ አስነጠፉ፤ በግራና በቀኝም እንደ ሞረድ ድንጋይ በእጅ የሚዞሩ መንኰራኵሮች አስተከሉባቸው።

ብላንክ ይህን የጻፈው በእስረኛ ዓይን ነው፤ የአንዳንድ አንባቢም ፊት በዚህ ታሪክ ላይ ፈገግ ሊል ይችላል። እኔ ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በ1845 በአውሮፓ አቆጣጠር የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ራሱ መንኰራኵር ወይስ ፕሮፔለር ይሻላል በማለት ሁለት መርከቦችን ጀርባ ለጀርባ አስሮ ያጓትት ነበር፤ በፕሮፔለር የምትሄደው «ራትለር» መንኰራኵር ያላትን «አሌክቶ» እየጎተተች ወሰደቻት። በጊዜው ታላቁ መንግሥት እንኳ ገና እየሞከረ ያጠና ነበር ማለት ነው። ቴዎድሮስ ያጡት አሳብ አልነበረም። የጎደላቸው የእንፋሎት ማሞቂያው፣ የብረት ዘንጉ፣ ዘንጉም የሚዞርበት ማቀፊያ ነበር፤ እነዚህንም በሚያልቁበት ጊዜ የሚለውጥ ሠራተኛ ነበር። በሌላ በኩል ግን ቀፎውን በደንገል በማሠራታቸው፣ በአገሩ ሰው እጅ ሊለወጥ ከሚችለው ነገር መጀመራቸው ነው። ይህ አጀማመር ብልህነት ነበር።

ከዚህ ጋር አብሮ መነገር የሚገባው አንድ መራራ ነገር አለ። አገራችን የእጅ ሥራ የሚያውቁትን ሰዎች አላከበረችም። አንጥረኛው «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ ፋቂው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ታንኳ ሠሪው ወይጦም ከሰው ማዕድ ይርቅ ነበር። ሰው ማረሻ ከአንጥረኛው እየገዛ፣ በወይጦ ታንኳ እየተሻገረ፣ የሠራለትን እጅ ይንቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ንቀት ግን ከልብ የሚወጣው በትምህርት ነው። ቴዎድሮስ የጎደላቸው ሠራተኛ ከየት ሊመጣ ይችል ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ ከመልሱ አንዱ ክፍል በዚህ ውስጥ ይገኛል።

ቀጥሎ ሞተር መጣ። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረራ በያዙበት ዘመን በጣና ላይ የሞተር ጀልባዎችን አሰማሩ፤ በሰሜን ዳርቻ ያለችውን ጎርጎራንም ወደብ አደረጓት። በዚህ ዘመን በሐይቁ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ተለወጠ፤ ሆኖም በጥያቄአችን ብንመዝነው ሚዛኑ ወደ ታች ይወርዳል። ነዳጁም፣ ብረቱም፣ የሚጠግነውም ሰው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበርና። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን ሲሰጥ ያ መንገድ ተቋረጠ። ደንገል ግን እንደ ቀድሞው ይበቅል ነበር።

ከዚያ ዘመን የቀረልን ትልቅ ቅርስ ቃል ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ወደሚገኝ ጋራዥ የገባ ሰው «ካቻቢቴ አምጣ»፣ «ብሎኑን ፍታ»፣ «ኩሽኔታው ተበልቷል»፣ «ካንዴላው ቆሽሿል»፣ «ካምቢዮው እንቢ አለ» ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ማረሻ፣ ድግር፣ ወገል፣ ምራን የሚሉት ቃላት የእኛ እንደ ሆኑ ሁሉ ኩሽኔታና ካንዴላም በሜካኒኮቻችን አፍ ውለው አድረው የእኛ ሆነዋል። ስሙን የተማረ ክፍሉን ፈትቶ መግጠምን ተማረ፤ የመኪና ጥገና በአገራችን ሥር የሰደደው በዚህ ዓይነት ነው። ለጀልባ ግን ይህ ነገር ገና በሙሉ አልሆነም።

ከጣና ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ ነገሩ ይብሳል። በ1895 ዓ.ም. ማክሚላን የተባለ ባለጠጋ አሜሪካዊ በዓባይ ላይ ወደ ሱዳን ለመውረድ ከብረት የተሠሩ ጀልባዎችን ተሸክሞ ወደ ሸለቆው መጣ፤ ጀልባዎቹ ግን ብዙም ሳይሄዱ በቋጥኝ ተሰበሩ፤ ጉዞውም በዚያው ቀረ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ፈቃድ ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ጓድ መጣ። እነዚህ ሰዎች በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው ሸፈርታክ በሚባለው መሻገሪያ በጀርባቸው ሞተር የተንጠለጠለባቸውን የጦር ጀልባዎች አውርደው ወደ ምዕራብ ሄዱ። በላይኛው የዓባይ ክፍል ደግሞ በጎማ ጀልባ ሞከሩ፤ በዚያም ጉዞ ኢያን ማክላውድ የተባለ ወታደር በወንዝ ተወስዶ ሞተ። ሞተር የተንጠለጠለባቸው ጀልባዎች ማክሚላን ካልደረሰበት ብዙ ርቀው ለመውረድ የቻሉት፣ ከጀልባው ጋር ጠጋኝና መለዋወጫም አብሮ ስለ ተጓዘ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ በዓለም የሞተር ጀልባ አሠራር እንዴት እንደ ሄደ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ሞተር በ1909 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ገበያ ካወጡት ሰዎች ዋነኛው ትውልዱ ኖርዌያዊ የሆነው ኦሌ ኤቭንሩድ ነው። ይህ ዓይነቱ «አውትቦርድ» ይባላል፤ ቢበላሽ ተነቅሎ ወደ ጋራዥ ይወሰዳል። ሁለተኛው ዓይነት በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን ዘንጉ ወለሉን ቀዶ ይወጣል። በ1959 ደግሞ የስዊድኑ ቮልቮ ፔንታ፣ ጂም ዊን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ባፈለቀው አሳብ ተረድቶ «አኳማቲክ» የሚባለውን አወጣ። በዚህ ሦስተኛ ዓይነት ሞተሩ እንደ መኪና ሞተር በጀልባው ውስጥ በስተኋላ ይቀመጣል፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው እግር ግን ከኋላው ግድግዳ ውጭ ተንጠልጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ወደ ላይም ይነሣል። ስሙ «ስተርንድራይቭ» ነው። ኀይሉ ብዙ፣ ነዳጅ አጠቃቀሙ የተሻለ ስለ ነበረ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

ስተርንድራይቭን ለታሪካችን እንደ ፈተና ጥያቄ የመረጥሁት በምክንያት ነው። ይህ ማሽን ከውሃ ውስጥና ከውሃ ውጭ ያሉትን ክፍሎች በአንድ ቀዳዳ የሚያገናኝ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ የሚያልቁትን ክፍሎች ካላወቀ ጀልባውን በወደብ እንደ ታሰረ ሊያሰምጠው ይችላል። ካወቀ ግን አብዛኛውን በገዛ እጁ ሊለውጥ ይችላል።

የሚያልቁት ክፍሎች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ኀይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ የሚሸፍነው የተጨማደደ ጎማ ነው፤ መልኩ የአንጥረኛ ወናፍ ይመስላል። እግሩ በዞረ ቁጥር ስለሚታጠፍ፣ ሳይሠራም ቢቆም ስለሚደርቅ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባና ሁለተኛውን ክፍል፣ ማለት ዘንጉን የሚይዘውን ኩሽኔታ፣ ያዝገዋል። ዝገቱ የሚታወቀው ጀልባው ሲዞር ከኋላ በሚሰማ ማጉረምረም ነው። ሦስተኛው የዘንጉ መገጣጠሚያ ክሮቼራ ነው። አራተኛው ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው የጎማ መዘውር ነው፤ ይህ ያለ ውሃ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከዞረ ክንፎቹ ይነዳሉ። አምስተኛው እግሩ ላይ የሚታሰረው፣ ስለ ሌላው ብረት ሲል ራሱ የሚበላ ብረት ነው። በጨው ባሕር ላይ ይህ ከዚንክ ይሠራል፤ እንደ ጣና ባለ ጣፋጭ ውሃ ላይ ግን ዚንክ በደንብ ስለማይሠራ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ይመረጣል። የባሕሩን ዕቃ ሳይመረምር ለሐይቅ የሚገዛ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

አለዋወጡም ሥርዓት አለው። ጀልባው ወደ የብስ ይወጣል፤ ሞተሩ እንዳይነሣ የባትሪው ገመድ ይፈታል። የእግሩ ዘይት ከታች ባለው ብሎን ይወርዳል፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚያ የእግሩ ብሎኖች ተፈትተው እግሩ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ይሳባል፤ ከባድ ስለ ሆነ ብቻን መያዝ አደጋ አለው። ኩሽኔታው በጣት ሲዞር ከሻከረ በመሳቢያ ወጥቶ አዲሱ በቦታው ይመታል። አሮጌው ጎማ ተነቅሎ የተቀመጠበት ከንፈር ከዝገትና ከአሮጌ ሙጫ ሙልጭ ተደርጎ ካልጠዳ አዲሱም ጎማ ውሃ ያስገባል። እግሩ ሳይመለስ በፊት አንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ እስከ ሞተሩ ድረስ ይገፋል፤ በቀላሉ ካልገባ ሞተሩ ከእግሩ ጋር አልተስተካከለምና ማረፊያዎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ይደረጋሉ። ይህን ፍተሻ የዘለለ ሰው አዲሱን ኩሽኔታ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። በመጨረሻም አዲሱ ዘይት የሚሞላው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፤ ዘይቱ እየወጣ አየሩን በላይኛው ቀዳዳ እንዲያስወጣ ነው። ጀልባው ወደ ውሃ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ባለቤቱ ወዲያው አይሄድም፤ የጀልባውን ሆድ ከፍቶ ውሃ የሚገባ እንደ ሆነ ይመለከታል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ስታነብ ከገበሬው ሥራ ምን ያህል ይለያል? ከንፈሩን ማጽዳት፣ ዘንጉን ማስተካከል፣ ያለቀውን በጊዜው መለወጥ፣ ሠርቶም መጠበቅ፤ ይህ ሁሉ ሞፈርና ቀንበር ያስተማረን ነው። የሚለየው የስሙና የመለዋወጫው ርቀት ብቻ ነው።

የአገራችንም ጠባይ ሌላ ነገር ይጨምራል። ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ የተመዘነ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 3 ያህል ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ በጣና ላይ ከመቶ 18 ያህል ይደክማል። ስለዚህ በባሕር ላይ የሚስማማው ፕሮፔለር በጣና ላይ ሊከብደው ይችላል። ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ ማስገሪያ ወደ ሐይቁ ገብቷል፤ የመረብ ክር በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ሲጠመጠም ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይቈርጠዋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን ወርሮ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፤ ውሃ ያጣ ሞተርም ይግላል። ይህን ሁሉ በውጭ አገር የታተመ የሞተር መምሪያ አይነግረንም። የጣናን ጠባይ ለጣና ሞተር መጻፍ ያለበት የጣና ሰው ነው።

የመለዋወጫው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ በ2017 ዓ.ም. ሁላችን ሰምተናል። ከዚያ በፊት በጣና ላይ ለብዙ ዓመታት ሕዝብ ያገለገለች «ጣናነሽ» የምትባል ጀልባ ነበረች፤ «ጣናነሽ 2» የተባለችው አዲሲቱ ግን ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና፣ ተራራውን ወጥታ፣ ቆላውን ወርዳ፣ በየብስ ወደ ባሕር ዳር ተጓዘች። ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ አያት። ባሕር ለሌለው አገር ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን ጀልባይቱ የመጣችበትን መንገድ እያንዳንዷ ኩሽኔታና እያንዳንዷ ጎማም መምጣት አለባት። ጀልባ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ክፍሉ ግን በየዓመቱ ያልቃል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ ታንኳ የቆየው ጠንካራ ስለ ነበረ ሳይሆን የሚለወጥ ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛ፣ ቴዎድሮስን ያሰናከለው የፍላጎት እጦት ሳይሆን የእጅ ዕውቀት እጦት ነው፤ ያንንም ያባባሰው ለሠራተኛ የነበረን ንቀት ነው። ሦስተኛ፣ ማሽን የአንድ አገር ሀብት የሚሆነው ተገዝቶ በገባበት ቀን ሳይሆን ክፍሎቹ በአገሩ ቋንቋ ተጠርተው በአገሩ ልጅ እጅ በተለወጡበት ቀን ነው። ይህን ስል ማንም ሰው ሁሉን በራሱ ይሥራ ማለቴ አይደለም፤ ገበሬም ማረሻውን ራሱ አይቀጠቅጥም። ነገር ግን መበላቱን ያውቃል፤ ወደ ማን እንደሚወስደውም ያውቃል፤ የተመለሰለት ደግሞ በትክክል መሠራቱን መርምሮ ይቀበላል።

በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንጨርስ ጓደኞቼ በየፊናችን እንበተናለን። ከመካከላችን ሐኪም፣ አስተማሪ፣ ጸሐፊ ለመሆን የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ መልካም ነው። ሜካኒክ እሆናለሁ የሚል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ እጁ በዘይት መጥቆር ለቤተሰቡ ኀፍረት እንዳይመስል ይፈራልና። ይህ ፍርሃት በአዋጅ ከተከለከለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በመካከላችን ገና ይኖራል። ከደጋው ልጆች አንዱ ነገ ወደ ባሕር ዳር ወርዶ፣ የጀልባን እግር ፈትቶ፣ ወናፍ የመሰለውን ጎማ ለውጦ፣ ኩሽኔታውን አስተካክሎ፣ ያደረገውንም ለሚከተለው ሰው በአማርኛ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ የትምህርት ቤታችንን ስም ከሚያስጠሩት መካከል ይቈጠራል ብዬ አምናለሁ። ጣና ቀዛፊ አጥቶ አያውቅም፤ የሚፈልገው ያለቀውን የሚለውጥ እጅ ነው።